የደረቅ እጆች ሸንጎ

አንዲት አገር ነበረች። ወዴት ናት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር "ወዲያ ማዶ" እለዋለሁ፤ የትኛው ማዶ ካለኝ ግን ዝም እላለሁ። በእኔ ዕድሜ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። አገሪቱ ንጉሥ ነበራት፣ ንጉሡ ግን አይናገርም። የሚናገረው ሸንጎው ነው። በሸንጎውም ቢሆን ሁሉ አይናገርም፤ የሚናገረው እጁ ደረቅ የሆነ ሰው ብቻ ነው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነበር። በጥንት ጊዜ ሁለት የሸንጎ አባላት ስለ አንድ ወንዝ ዳር መሬት ሲከራከሩ በዱላ ተፈነካከቱ። ሲጣራ ለካ መሬቱ ለሁለቱም ይደርሳቸው ኖሯል። የዘመኑ ንጉሥ ተቆጡና "ከእንግዲህ ነገሩ የነካው ሰው በነገሩ አይናገር!" ብለው አዋጅ አስነገሩ። ለመሬት ጠብ ደግ አዋጅ ነበር። አዋጅ ግን እንደ ሐረግ ነው፤ ለአጥር ብለው ይተክሉታል፣ ሲውል ሲያድር ጣራውን ያለብሰዋል። ይህም አዋጅ ከመሬት ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ትምህርት፣ ከትምህርት ወደ ጋብቻና ወደ ልጅ ማሳደግ እየተሳበ ሄደ። በመጨረሻ በአገሩ ውስጥ ያልተሳበበት ነገር ጠፋ።

ለዚህ ሥራ አንድ ሹም ተሾመ፤ ማዕረጉም "ሊቀ ደረቃን" ተባለ። አንድ አባል ለመናገር ሲነሣ ሊቀ ደረቃኑ ከፊቱ ይቆምና ሦስት ጥያቄ ይጠይቀዋል። "በቤትህ አለ? በዘመድህ አለ? በሕልምህስ መጥቶ ያውቃል?" ሦስቱንም "የለም" ብሎ ከመለሰ፣ በመዳፉ ላይ አመድ ይነሰንስለትና እፍ ይለዋል። አመዱ ቦንኖ ከጠፋ "ደረቅ ነው፣ ይናገር!" ይባላል። አመዱ ከተጣበቀ ወይም ካፉ "አለ" የሚል ቃል ካመለጠው እርጥብ ይባላል። እርጥብ የተባለ ሰው በበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ሄዶ አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ይቀመጣል። በስተመጨረሻ እርጥቡም ደረቁም ድምፅ ይሰጣል፤ ግን ድምፅ የሚሰጠው ደረቆቹ ባቀረቡት ሐሳብ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እርጥቡ የሚመርጠው ከማያውቁ ሰዎች ሐሳብ አንዱን ነበር።

እንግዲህ ፍሬውን ተመልከቱ። ስለ ትምህርት ቤት በተመከረ ጊዜ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ልጅም ያልወለዱ አራት ሽማግሌዎች ተናገሩ፤ ሕፃናት ከመማራቸው በፊት እንዲያውቁ ተወሰነ። ቆላውን ረሃብ በመታው ዓመት ደግሞ ከደረቆቹ አንዱ ተነሥቶ "ረሃብ የምትሉት ከቁርስ እስከ ምሳ ያለውን ጊዜ ነው ወይስ ሌላ ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ የሚመልስለት አልተገኘም፣ የሚያውቁት ሁሉ አግዳሚው ላይ ነበሩና። ስለ ዓይነ ስውራን በተመከረ ቀን አንድ ዓይኑ የጠፋ አባል ብዙ ካከራከረ በኋላ ግማሽ ንግግር ተፈቀደለት። ግማሹን ተናገረ፣ ተቀመጠ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉ የለ? እዚያ አገር እንጨት የሚሰዱ ሰዎች ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር።

ከሸንጎው አባላት መካከል ወይዘሮ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። የተመረጠችው ገደል ሥር ከሚባለው ወረዳ ነው። ስትመረጥ የአገሯ ሰዎች ምክንያታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ከሸለቆው ወዲህ ሆና ብትጣራ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። ጌሾ እየቸረቸረች ሰባት ልጆች አሳድጋለች፣ አንድ ባል ፈትታ ሌላውን ቀብራለች፣ ድርቅም ጎርፍም አሳልፋለች። ስለዚህ በየትኛውም ጉዳይ ላይ እርጥብ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ማዶ የሚሰማው ድምፅ በነጠላ ታፍኖ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ስለ መርከብ በተመከረ ቀን፣ ባሕር አይታ ስለማታውቅ ደረቅ ተባለችና ተናገረች። አማርኛዋ ስለሚያምር አጨበጨቡላት። መርከቦች ሁሉ ከዳር ሆኖ በሚይዛቸው ሰው በገመድ እንዲመሩ ሕግ የወጣው በእሷ ንግግር ነው። እሷ ግን በዚያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ታፍራለች።

በአሥራ አንደኛው ዓመት የገደል ሥር ሴቶች ያመለከቱት ጉዳይ ተራው ደረሰ። የጠየቁት ትንሽ ነገር ነው፤ ገደሉ ሥር የማዋለጃ ቤት ይሠራልን፣ የሠለጠኑ አዋላጆችም ይመደቡልን የሚል ነው። እዚያ አገር ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አድርገው አንድ ቀን ተኩል ሽቅብ ይሸከሟታል፤ አዋላጆቹ ያሉት በዋና ከተማው ብቻ ነውና። ከአቀበቱ እኩሌታ ላይ ሸካሚዎች የሚያርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከዚያ ድንጋይ ወዲህ በሕይወት የደረሱትን በጣት መቁጠር ይቻላል። የአንጓች የመጀመሪያ ልጅ ደጊቱ ያረፈችው እዚያው ድንጋዩ ላይ ነው።

ጉዳዩ የተያዘበት ዕለት የሸንጎው መዝጊያ ቀን ነበር። ዛሬ ካልተወሰነ የሚመለሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አንጓች በማለዳ ወደ አዳራሹ ስትገባ አንድ የአገሯ ነጋዴ በር ላይ ጠበቃት።

"ወይዘሮ አንጓች፣ እንደምን አደሩ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ከቤት ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናቸው። የሻረግ የመውለጃ ወሯ ገብቷል።" አለ ነጋዴው። "እግሯ ግን አብጧል፤ ፊቷም። ዓይኔ ብዥ ይልብኛል ትላለች። ለእናቴ ንገርልኝ ብላኛለች።"

የሻረግ ሁለተኛዋ ልጇ ናት። ደጊቱንም እንዲህ ነበር የጀመራት፤ አስቀድሞ እግር፣ ከዚያ ፊት፣ ከዚያ ዓይን። አንጓች ነጋዴውን አመሰገነችና ገባች።

ሊቀ ደረቃን ቢያድግልኝ አመዱን በነሐስ ሳህን ይዞ በአባላቱ መካከል ዞረ። ስለ ምጥ የሚናገር ደረቅ ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ያገባ ሁሉ ወደቀ፣ የወለደ ሁሉ ወደቀ፣ እኅት ያለው ወደቀ። አንጓችም እንደ ልማዷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ አቶ ጓንጉል ብቻ ተገኘ። ሚስትም ልጅም እኅትም የሌለው፣ በመልካም ልብሱ የታወቀ ወንደላጤ ነው። በየክርክሩ ደረቅ ሆኖ ስለሚገኝ ከማንም የበለጠ የሚናገረው እሱ ነበር።

"የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የተከበራችሁ አባላት!" አለ ጓንጉል ጋቢውን እያስተካከለ። "ጉዳዩን በጥልቀት አጥንቼዋለሁ። ሕፃን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው። እናቲቱ አቀበት ስትወጣ ሕፃኑ ቁልቁለት ያገኛል። ስለዚህ ገደሉ ራሱ አዋላጅ ነው ማለት ነው! ታች ቤት ብንሠራ ሴቶቻችንን ማስነፍ ይሆናል። ሆኖም ጨካኞች አይደለንም። እኩሌታው ላይ ያለው የማረፊያ ድንጋይ በኖራ እንዲቀባ፣ ከሩቅም አምሮ እንዲታይ ሐሳብ አቀርባለሁ።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ሰምተናል፤ ይህ ሰው ግን ያልወለደ ያልዳሰሰ ሆኖ ለአገሩ እናቶች ሁሉ አስተማረ። አፈ ጉባኤው "ከምሳ በኋላ በኖራው ላይ ድምፅ እንሰጣለን" ብለው ለዕረፍት አሰናበቱ።

በግቢው ካለው ዋንዛ ሥር አለቃ ደብሬ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ከሸንጎው በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም፤ አምስት ሚስት አግብተው አሥራ አራት ልጆች ወልደዋልና ከአንጓች ቀጥሎ አግዳሚው ላይ ብዙ የኖሩት እሳቸው ናቸው። አንጓች መጥታ አጠገባቸው ቆመች፣ አልተቀመጠችም።

"ዋሺ፣ ልጄ" አሏት እሳቸው፣ ሳትጠይቃቸው። "ከሰዓት ተነሺና በቤቴ የለም፣ በዘመዴ የለም፣ በሕልሜም የለም በይ። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። አምና እንኳ አንዱ ስለ ትምህርት ለመናገር ብሎ ስድስት ልጆቹን ካደ። ማታ ቤቱ ገብቶ አብሯቸው እራት በላ።"

"እሱ ማታ ገብቶ የሚበላው አብሮት የሚበላ ልጅ አለው፣ አለቃ።" አለች አንጓች። "እኔ ደጊቱን ገደል ወሰደብኝ። በአፌ ደግሞ ልድገማት? አልነበረችም ልበል? ሞቼ ነው ቆሜ!"

አለቃ መቆርጠማቸውን አቆሙ። "እንግዲያው ያለው አንድ ነገር ነው" አሉ። "እርጥብ በነገሩ መናገር አይችልም። የተናገረውን ሰው 'ይፈተሽልኝ' ማለት ግን ይችላል። ያን ጊዜ ሦስቱን ጥያቄ የሚጠይቀው ራሱ ጠያቂው ነው፣ ሊቀ ደረቃኑ አመዱን ይይዛል እንጂ አይናገርም። ተጽፎ ያለ ነው። ነውር ነው እየተባለ ግን ማንም ብሎት አያውቅም። የሰውን ቤት መበርበር ነውና።"

"የእኔንም ቤት ሞት በርብሮታል" አለች አንጓች፣ "ነውር ነው ያለው የለም። ነውሩን ለእኔ ይተዉት።"

ከሰዓት በኋላ አፈ ጉባኤው "ኖራ ይቀባ የምትሉ..." ብለው ሳይጨርሱ አንጓች ከአግዳሚው ተነሣች። አፏን የሸፈነውን ነጠላ አወረደችው። እዚያች አገር አግዳሚው ላይ ሆኖ ነጠላ ያወረደ ሰው ታይቶ አይታወቅምና ጸሐፊው ብዕሩ ከእጁ ወደቀ።

"የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ አቶ ጓንጉል ይፈተሹልኝ።"

"እኔ በጠዋት ፈትሼአቸዋለሁ!" አለ ሊቀ ደረቃን ቢያድግልኝ።

"በጠዋት በሩ ተከፍቶ ነበር፣ ንፋስ ነበረ። አመዱን እርስዎ ይበትኑት ንፋሱ ይበትነው ማን ያውቃል? አሁን በሩን ዝጉልኝና ይፈተሹልኝ።"

ጉርምርምታ ተነሣ፤ "ነውር ነው!" ያለም ነበር። አለቃ ደብሬ የሸንጎውን የሕግ መጽሐፍ ከፍተው አንቀጹን በጣታቸው አመለከቱ። አፈ ጉባኤው ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ሦስተኛ ካነበቡት በኋላ ሌላ መውጫ ስላጡ ፈቀዱ። በሩ ተዘጋ። ጓንጉል ፈገግ እንዳለ ወደ መካከል መጣና መዳፉን ዘረጋ፤ ሊቀ ደረቃኑም አመዱን ነሰነሰበት።

"አቶ ጓንጉል፣ ምጥ በቤትዎ አለ?" አለች አንጓች።

"የለም። ሚስት የለኝም፣ አገር ያውቃል።"

"በዘመድዎስ?"

"እኅት የለኝ፣ አክስት የለኝ። ያሳደገኝ አጎቴ ነው፣ እሱም ወንድ ነው።" ሰው ሳቀ።

"እናትስ?"

"እናት ያልነበረው ማን አለ?" አለ ጓንጉል እየሳቀ።

"እኔም የምልዎ ይህንኑ ነው። በስንት ቀን ምጥ ወለደችዎ?"

ጓንጉል ለመመለስ አፉን ከፈተ። መዳፉን ቁልቁል ተመለከተው፤ ከዚያ አንጓችን ተመለከታት።

"አላውቅም" አለ። "እሷም አልነገረችኝም።"

"ምነው?"

"አልተገናኘንም" አለ ጓንጉል፣ ቀስ ብሎ። "እኔ ስመጣ እሷ ስትሄድ ነው።"

አንጓች ልትረታው እንጂ ልታቆስለው አልተነሣችም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ደረቅ ነኝ ሲል የኖረው ሰው ከሁሉም ይልቅ እርጥብ እሱ ኖሯል፤ የነገረው ሰው ስላልነበረ ብቻ አላወቀውም። "ነፍስ ይማር፣ አቶ ጓንጉል" አለችው። ሊቀ ደረቃኑ እፍ ቢለው እፍ ቢለው አመዱ አልተነሣም፤ መዳፉ በላብ ርሶ አመዱ ጭቃ ሆኗል። ጓንጉል የሚያዘው ሳይጠብቅ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ።

"ሊቀ ደረቃን፣ እርስዎስ?" አለች አንጓች ወደ ቢያድግልኝ ዞራ።

"እኔ ፈታሽ ነኝ እንጂ ተፈታሽ አይደለሁም!" አለ። ነገር ግን ሰው ሁሉ ያየው ስለነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መንታ ነበርን" አለ። "እናታችን ሁለት ቀን ያህል አማጠች። ወንድሜ አልተረፈም።" ሳህኑን እንደ ያዘ ሄዶ ከጓንጉል አጠገብ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ የሚፈትሽም የሚፈተሽም ጠፋ። አባላቱ በየተራ እየተነሡ ወደ አግዳሚው ሄዱ። አንዱ በዝናብ የተወለደ ነው፣ አንዱ እናቱ በእሱ ጊዜ የማየት ኃይሏን አጥታለች፣ አንዱ ስለ ልደቱ ምንም አያውቅም፣ ግን ተወልዷል። አግዳሚው ሞላ፤ የተረፉት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የደረቆች ወንበር ባዶውን ቀረ። አፈ ጉባኤው ራሳቸው ከመንበራቸው ወርደው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ጉባኤውንም እዚያው ሆነው መሩ።

"ደረቅ ከሌለ ክርክር የለም" አለ ሊቀ ደረቃኑ በጭንቀት። "ከእናት ማኅፀን ያልወጣ ሊፈለግ ነው። እንግዲህ... ዶሮ አለ። ከእንቁላል የተፈለፈለ አንድ አውራ ዶሮ አስመጥተን ብንፈትሸውስ?"

ሐሳቡ ደጋፊ አጣ እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ሰው ደገፈው። አንጓች ግን፣ "ሊቀ ደረቃን፣ ዶሮ ስትጥል ሰምተው አያውቁም?" አለችው። "ለአንድ እንቁላል ያን ያህል ትጮሃለች። አውራውም የእሷ ልጅ ነው።" ሐሳቡም በዚሁ ወደቀ።

አፈ ጉባኤው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ገለጡት። ሁሉም እርጥብ የሆነ እንደሆነ ምን ይደረግ የሚል አንቀጽ አልነበረም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብለው አላሰቡም። በመጨረሻ መጽሐፉን ዘጉና፣ "እንግዲያው ሁላችንም እርጥብ ከሆንን አብልጦ የራሰው ይቅደም" አሉ። "ወይዘሮ አንጓች፣ ይናገሩ።"

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ነገር ነበር፤ ስትናገረው ግን አጭር ሆነ።

"ደጊቱ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ነበረች። ድንጋዩ ላይ ስትደርስ 'እማ፣ ትንሽ ልረፍ' አለችኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ሸካሚዎቹን አስቆምኩ። የሻረግ የምትባል ሌላ ልጅ አለችኝ፤ ወሯ ገብቷል፣ እግሯ አብጧል። ኖራ አልፈልግም። ለአገሬ ሴቶች ቤቱን፣ ለዛሬ ደግሞ ሁለት አዋላጅ ከነመድኃኒታቸው ስጡኝ። ነገ ማለዳ ይዣቸው እወርዳለሁ። የማይሰጠኝ ሰው ካለ እጁን ያውጣና ልየው።"

እጅ ያወጣ አልነበረም። ጸሐፊው ተቃውሞ የለም ብሎ ጻፈ፣ ማኅተም ተመታ። የደረቅ እጅ አዋጅ ግን ያን ዕለት አልተሻረም። እንዲሻር ለመናገር አዋጁ ያልነካው ሰው ያስፈልጋል ተብሎ እንዲህ ያለው ሰው እስከ ዛሬ ይፈለጋል።

በማግስቱ ማለዳ አንጓች ከሁለት አዋላጆች፣ ከመድኃኒት ቅርጫትና የቤቱን ቋሚ ከተሸከሙ አሥር ሰዎች ጋር ገደሉን ያዘች። ሲወርዱ ከኋላቸው አንድ ሰው ቋሚ ተሸክሞ ሲያለከልክ ሰሙ። ዞር ቢሉ አቶ ጓንጉል ነው፣ በዚያ መልካም ልብሱ። ለምን መጣህ ብሎ የጠየቀው የለም። ቋሚውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረ ተከተላቸው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከታች የሸካሚዎች ድምፅ ተሰማ። ቃሬዛ ነው። በታች ማን ሕግ መውጣቱን ሰምቶ! እንደ ልማዳቸው ሽቅብ ይዘዋት መጥተዋል። አንጓች ሳታይ አወቀችና ተጣራች፤ ያ ድምፅ ሸለቆውን ሞላው።

"የሻረግ!"

"እማ!" አለ ከቃሬዛው ላይ ቀጭን ድምፅ።

ከማረፊያው ድንጋይ በታች አንድ ደልዳላ ሜዳ ነበር። አዋላጆቹ "ከዚህ ወዲህ ወዲያ አንልም" አሉ። አሥሩ ሰዎች አራት ቋሚ እዚያው ተከሉ፣ ጋቢና አንሶላ በዙሪያው አሰሩ። አዋላጆቹ መድኃኒቱን ሰጧት፣ እጃቸውን ታጥበው ገቡ፤ አንጓችም ከራስጌዋ ተቀመጠች። አንደኛውን ማዕዘን ነፋስ ስለገፋው የሚይዘው ሰው አስፈለገ። ጓንጉል ጋቢውን አውልቆ ጀርባውን ሰጥቶ አንሶላውን ያዘ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል ድረስ እጁን አላወረደም፤ የምትጮኸውን ጩኸት ሁሉ በጀርባው ሰማ።

ከዚያ ሌላ ጩኸት ተሰማ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ። "ሴት ናት!" አለች አንዷ አዋላጅ፣ "እናቲቱም ደኅና ናት።" ሸካሚዎቹ እልል አሉ፤ ወንዶች መሆናቸውን ረስተው።

አንጓች ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች። ጓንጉል አሁንም አንሶላውን እንደ ያዘ ነው።

"ወይዘሮ አንጓች" አለ፣ ዘወር ሳይል፣ "ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"አይ፣ አቶ ጓንጉል" አለችው። "ይህ እኮ ቀላሉ ነው።"